አንገታችን ሲንቋቋ ደማችን ምን ይሆናል?

(አዳማ ውስጥ ለከባድ መኪና ሾፌሮችና ለቤተሰቦቻቸው ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ሙቀት ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መስኮቶቹን ከፍተናቸዋል። ውሃ ከኋላ አለ፣ የፈለገ ሰው ተነስቶ ይቅዳ።

ከአንድ ሰው ልጀምር። የጅቡቲ መስመር ሾፌር ናቸው። ከ20 ዓመት በላይ ተሳቢ ነድተዋል። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪካቸውን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። ዛሬም እዚሁ መሃላችን ተቀምጠዋል። ወደ እኔ የመጡት ወገባቸውን አሟቸው ነው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የማየው ወገብ፣ አንገትና ጉልበት ነው። ግን ማንንም ሰው ከመንካቴ በፊት ደም ግፊቱን እለካለሁ።

«እሱን እንኳ ተይው ልጄ» አሉኝ። «ደም ብዛት ነበረብኝ። አሁን ድኛለሁ።»

«እንዴት ዳኑ ጋሼ?»

«አንድ ሰው አንገቴን አስተካከለልኝ። ደምህ የተያዘው እዚህ ጋ ነው አለኝ።» ማጅራታቸውን ነካ አደረጉ። «ቀጭ ሲል ሰማሁት። ወዲያው ቅልል አለኝ። እንደዚያን ሌሊት ተኝቼ አላውቅም። ክኒኑንም ተውኩት።»

«ከተዉት ምን ያህል ሆነዎት?»

«ሦስት ወር ይሆናል።»

ወንበር ላይ አምስት ደቂቃ አሳረፍኳቸውና ለካሁ። 178 በ106፤ በጣም ከፍ ያለ ነው። ትንሽ ቆይቼ ደገምኩ። 174 በ104። ራሳቸውን አላመማቸውም። አላዞራቸውም። ምንም አይሰማቸውም።

ዛሬ እዚህ የቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው። ጋሼ አልዋሹም። ቀለለኝ ያሉት እውነታቸውን ነው። አንገትም ሆነ ጀርባ በእጅ ሲታከም ልብና ደም ሥር ይነካሉ፤ ይህ ተረት አይደለም። ግን ምን ያህል? ለስንት ጊዜ? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ስህተቱ ደግሞ ሰውን ሽባ አድርጎ ሊያስቀር ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ ድምፁ እንነጋገር፤ ሰዉን የሚያሳምነው ድምፁ ስለሆነ። ብዙ ሰው አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ «ቀጭ» የሚል ይመስለዋል። አይደለም። በሁለት አጥንቶች መገናኛ ላይ እንደ እንቁላል ነጭ የሚያዳልጥ ፈሳሽ አለ። መገናኛው በድንገት ሲሳብ ክፍተቱ ይሰፋል፣ በውስጡ ያለው ግፊት ይወርዳል። ያኔ በፈሳሹ ውስጥ ሟሙቶ የነበረው ጋዝ ይለያል። የምንሰማው ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰው ጣት ሲንቋቋ በኤምአርአይ ቀርፀው፣ ድምፁ በተሰማበት ቅጽበት ያ ክፍተት ሲፈጠር አይተውታል። አሁን ያንቋቋችሁትን ጣት ወዲያው ልድገመው ብትሉ እንቢ የሚላችሁም ለዚህ ነው። ጋዙ ተመልሶ እስኪሟሟ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል።

ስለዚህ «ቀጭ» ማለት ተስተካከለ ማለት አይደለም። የታሰረ ደም ተፈታ ማለትም አይደለም።

ታዲያ ጀርባን ነክቶ ልብን ማከም የሚለው ሐሳብ ከየት መጣ? አሜሪካ ውስጥ ዳቨንፖርት በምትባል ከተማ ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 ጆሮው የማይሰማ አንድ የሕንፃ ጽዳት ሠራተኛን አከርካሪ ገፋ አድርጎ፣ ሰውየው መስማት ጀመረ ብሎ ተናገረ። ካይሮፕራክቲክ የሚባለው ሙያ የተወለደው በዚያን ቀን ነው ይባላል። ከዚያ ቀጥሎ ያከምኩት የልብ ህመምተኛ ነበር ብሎ ፓልመር ራሱ ጽፏል። ከልብ ጋር በተያያዙ ነርቮች ላይ የተጫነ አጥንት አግኝቼ አስተካከልኩት ነው የሚለው። ስለዚህ «ልብን በጀርባ» የሚለው ነገር ሙያው ገና ሲጀመር ጀምሮ ያለ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዛሬ ክንዳችን ላይ የምንጠቀልለውን ዓይነት የደም ግፊት መለኪያ ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። ከፓልመር አንድ ዓመት በኋላ። ፓልመር ሲጀምር በሽተኛው ቀለለኝ ሲል ቀለለው ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። የሚለካበት ነገር በእጁ የለም። ዛሬ ግን መለኪያው በየጤና ጣቢያው አለ። «ቀለለኝ» ብቻውን አይበቃንም።

እኛ አገር ደግሞ ወጌሻ አለ። ለወጌሻ ክብር አለኝ። ልጅ ሆኜ ከዛፍ ወድቄ ክርኔ ሲወልቅ የመለሱልኝ የሰፈራችን ወጌሻ ናቸው፤ ይኸው ዛሬ የምሠራበት እጅ ነው። የተማርኩት ትምህርት እሳቸውን አላስናቀኝም። የምናገረው የትኛው ነገር በእጅ ይታከማል፣ የትኛው አይታከምም ስለሚለው ነው።

አሁን ወደ ገላችን እንግባ። ሾፌሮች ስለሆናችሁ ይህ ቶሎ ይገባችኋል።

ልብ ሳታዝዟት ራሷ ትመታለች። ፍጥነቷን ግን ሁለት ዓይነት ነርቮች ይቆጣጠራሉ። አንደኛው ነዳጅ መስጫ ነው። ሁለተኛው ፍሬን ነው። የነዳጅ መስጫው ነርቭ የሚወጣው ከላይኛው ጀርባችን ነው፤ ከመጀመሪያው የደረት አከርካሪ እስከ አራተኛውና አምስተኛው ድረስ ባለው መሃል። ከትከሻ አጥንቶቻችሁ መሃል ማለት ነው፣ ስታሽከረክሩ የሚያቃጥላችሁ ቦታ። ፍሬኑ ግን በአከርካሪ በኩል አይመጣም። ከአእምሮ ቀጥታ ወጥቶ፣ በአንገታችን ጎን ከትልቁ ደም ቅዳ ጋር ተጣብቆ ይወርዳል።

እንግዲህ የላይኛው ጀርባ ሲጫንና ሲገፋ መልእክቱ ወደ ህብለ ሰረሰር ይገባል። ህብለ ሰረሰር ውስጥ ደግሞ የልብ መስመር አለ። ይነካካሉ። ተመራማሪዎች ይህን ለክተውታል። የልብ ምት ትንሽ ይለወጣል፣ የእጅ ቆዳ ሙቀትና ላብ ይለወጣል። ነገር ግን አንዱ ጥናት ፍሬኑ በረታ ይላል፤ ሌላው ነዳጁ ተሰጠ ይላል፤ ሌላው ምንም አላየሁም ይላል። ለውጥ ሲኖርም ትንሽ ነው፣ ብዙ አይቆይም። ነዳጅ መስጫውን በጣት ነካ አድርጎ እንደመተው ነው። ሞተሩ ድምፁን ይለውጣል፤ መኪናው ግን ጅቡቲ አይደርስም።

ታዲያ ጋሼ ያንን ሌሊት ለምን እንደ ሕፃን ተኙ? ለዚህ ሌሎች ምክንያቶች አሉ፤ በእኔ እምነት ከነርቩ ይልቅ እነሱ ይበልጣሉ።

ህመም ራሱ ደም ግፊት ያስነሳል። ወገቡን የያዘው ሰው ጥርሱን ነክሶ ነው የሚውለው። ህመሙ ሲታገስ ግፊቱም ይወርዳል። ከዚያ ደግሞ መተኛት አለ። ሰው ለግማሽ ሰዓት ጋደም ብሎ፣ ሙቅ እጅ ጀርባው ላይ አርፎ፣ አንድ ሰው በደግ ቃል እያናገረው ግፊቱ ባይወርድ ነው የሚገርመው።

አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። አንዲት እናት ለአንገታቸው ቀጠሮ መጡ። ለካኋቸው፣ የላይኛው ቁጥር 150 አለፍ ብሏል። አልጋ ላይ አስተኛኋቸው። ልጀምር ስል መብራት ጠፋ። ሌላ ታካሚ ማሽን ላይ ስለነበር እሱን ላወጣ ሄድኩ፤ ሳላስበው ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። ተመልሼ ስመጣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ስለካቸው የላይኛው ቁጥር 12 ወርዷል። በጣቴ እንኳ አልነካኋቸውም። ያን ቀን አንገታቸውን አንቋቁቼ ቢሆን ኖሮ «አየሽ፣ እጅሽ አዳነኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም አምናቸው ነበር።

ለዚህ ነው ጥናት የሚያስፈልገው። ጥሩ ጥናት ማለት ግማሹን ሰው በእውነት ማከም፣ ግማሹን ደግሞ እንደታከመ እስኪመስለው ማስመሰል፣ ከዚያ ሁለቱንም መለካት ነው።

እንዲህ ያለ አንድ ታዋቂ ጥናት ቺካጎ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል። መጠነኛ ደም ግፊት ያለባቸው 50 ሰዎች ነበሩ። መድኃኒት ያልጀመሩ፣ ወይም ለጥናቱ ሲባል በክትትል ያቆሙ። ለግማሾቹ የመጀመሪያዋ የአንገት አጥንት፣ አትላስ የምትባለዋ፣ በቀስታ ተስተካከለች። ለሌሎቹ የማስመሰል ሥራ ተሠራላቸው። ከስምንት ሳምንት በኋላ በታከሙት ላይ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 17 ወረደ። በሌሎቹ ላይ 3። እውነት ለመናገር ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። ሁለት ክኒን ከሚያወርደው ጋር የሚቀራረብ ነው። በወቅቱ ዜናው ዓለምን ዞሯል። ምናልባት የጋሼን አንገት የነካው ሰውም ከዚያ የተረፈ ወሬ ደርሶት ይሆናል።

ግን 50 ሰው 50 ሰው ነው። ጸሐፊዎቹም ራሳቸው የሙከራ ጥናት ነው ያሉት። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ 140 ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ነበር። ግማሹ የአመጋገብ ምክር ብቻ ተሰጠው። ግማሹ ምክሩም የአከርካሪ ሕክምናውም ተሰጠው። አከርካሪያቸው የታከመላቸው ሰዎች ምንም ብልጫ አላገኙም። ከቺካጎው በኋላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 በ51 ሰዎች ላይ፣ ዘዴው ትንሽ ቢለይም የላይኛው አንገት ላይ፣ በማስመሰል እየተነጻጸረ ተሞክሮ ልዩነት አልተገኘም።

በአንድ ጥሩ ዜና ተነስቶ ክኒን መጣል አይቻልም። በቺካጎው ጥናት መድኃኒት ያቆሙት ሰዎች እንኳ በየጊዜው ግፊታቸው እየተለካ ነበር። ጋሼ ግን ብቻቸውን ነበሩ። ከእሳቸው ጋር የነበረው የመኪናቸው መሪና የሚሌ ሙቀት ነው።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። እስካሁን ያልኩት አይጠቅምም የሚል ነው። ይህኛው ግን ይጎዳል የሚል ነው።

ባለፈው ወር ታናሽ ወንድሜን ይዤ ፀጉር ቤት ገባሁ። ፀጉር አስተካካዩ ልጅ ሥራውን ያውቃል። ጸጉሩን አስተካከለ፣ ፊቱን በሙቅ ፎጣ ሸፈነው፣ ትከሻውን አሸው። ደስ ይላል። ከዚያ አንድ እጁን አገጩ ላይ፣ አንድ እጁን ከጭንቅላቱ ኋላ አደረገ። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኗል። ልጁ ጭንቅላቱን በቀስታ ወደ ግራ አዞረ፣ ጫፍ ላይ አደረሰው፣ ትንፋሹን ሰበሰበ።

«ተው!» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሰው ሁሉ ዞረ።

ልጁ ደነገጠ፤ ግን ጥሩ ልጅ ነው፣ ለምን ብሎ ጠየቀኝ። የራሱን አንገት እያስነካሁ አሳየሁት። እናንተም አሁን ከጆሯችሁ ሥር፣ ወደ ኋላ ነካ አድርጉ። እዚያ ውስጥ፣ በግራም በቀኝም፣ ወደ አእምሮ ኋለኛ ክፍል የሚሄዱ ሁለት ደም ቅዳዎች አሉ። ከሌሎች ደም ሥሮች የሚለዩት በአጥንት ቀዳዳ ውስጥ ማለፋቸው ነው። ከስድስተኛው የአንገት አጥንት ገብተው እስከ መጀመሪያው ድረስ በቀዳዳ በቀዳዳ ይወጣሉ። አትላስ ላይ ሲደርሱ ወደ ኋላ ታጥፈው፣ ተጠምዝዘው ወደ ራስ ቅል ይገባሉ። አንገት በኃይል ሲዞር ያቺ መታጠፊያ ትወጠራለች።

የነዳጅ ላስቲክ ውስጡ ሲላጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከውጭ ደህና ነው። ውስጡ ግን ተላጥቶ ቁራጩ መንገዱን ይዘጋል፣ ሞተሩ ይታፈናል። የደም ቅዳ ግድግዳም ድርብርብ ነው። የውስጡ ሲሰነጠቅ ደም በመሃሉ ይገባል። እዚያ ይረጋል። የረጋው ደም ተቆርጦ ወደ አእምሮ ከሄደ ስትሮክ ነው።

ይህ በየቀኑ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ብርቅ ነው። በሕይወታችሁ መቶ ጊዜ አንገታችሁን አስጠምዝዛችሁ ምንም ላትሆኑ ትችላላችሁ። ነገር ግን የአንገት ደም ቅዳ መሰንጠቅ ዋነኛ ከሆኑት የወጣቶች ስትሮክ ምክንያቶች አንዱ ነው። በስኳር ያልተጎዳ፣ ደም ብዛት የሌለበት፣ የ30 ዓመት ጎልማሳ ማለት ነው።

ለፍትሕ ሌላውንም ወገን ልናገር። ካናዳ ውስጥ በኦንታርዮ የዘጠኝ ዓመት መዝገብ ተገልብጦ 818 እንዲህ ያሉ ስትሮኮች ታይተዋል። ካይሮፕራክተር ጋ የሄዱት ወጣቶች ተራ ሐኪም ጋ ከሄዱት ይበልጥ አልተጎዱም። ለምን? ደም ቅዳው መጀመሪያ ሲሰነጠቅ አንገትና ራስ ያማል። ያመመው ሰው ደግሞ አንዱ ሐኪም ጋ፣ ሌላው አንገት የሚያስተካክል ጋ ይሄዳል። አንዳንዱ ሰው ሲሄድ ቀድሞውኑ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው። ይህ ክርክር በባለሙያዎች መሃል ዛሬም አልተዘጋም። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ አመዛዝኖ፣ አንገቱ ከመጠምዘዙ በፊት ታካሚው ስለ አደጋው ሊነገረው ይገባል ብሏል።

ለእኔ ግን ሁለቱም መንገድ አንድ ቦታ ያደርሰኛል። ጠመዘዛው ሰንጥቆትም ይሁን፣ የተሰነጠቀ አንገት ተጠምዝዞ፣ ለሰውየው ያው ነው። ስለዚህ ከዚህ በፊት አሟችሁ የማያውቅ ዓይነት የአንገት ወይም የማጅራት ህመም በድንገት ከጀመራችሁ፣ ማንም እንዳያዞረው። ከህመሙ ጋር ማዞር፣ ነገሮች ሁለት ሆነው መታየት፣ መንተባተብ፣ የፊት መደንዘዝ፣ የአንድ ዓይን ሽፋን መውረድ፣ እንደ ሰከረ መንገዳገድ ከመጣ፣ ቀጥታ ሆስፒታል። ዛሬ ተጠምዝዞ ነገ ወይም ከሦስት ቀን በኋላ ሊመጣ ይችላል። ያኔ «ደግመህ አስተካክልልኝ» ተብሎ ወደ ፀጉር ቤት አይኬድም።

እናቶችና እህቶችም አላችሁበት። ጸጉር ስትታጠቡ አንገታችሁ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ1993 አንድ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም በዚህ ምክንያት በሴቶች ላይ የደረሰ የአእምሮ ደም ዝውውር ጉዳት ጽፎ አሳውቋል። ጠርዙ ላይ ወፈር ያለ ፎጣ አድርጉ። ካዞራችሁ ቀና በሉ፤ አትፈሩ፣ የምታጥባችሁን ልጅ ንገሯት።

ከፊት በኩል ደግሞ፣ ከአገጭ ሥር በጎን፣ የልብ ምት የሚዳሰስበት ቦታ አለ። እዚያ ትልቁ ደም ቅዳ ለሁለት ይከፈላል፤ መክፈያው ላይ ግፊት የሚለካ ነርቭ አለ። የሰውነታችን የራሱ መለኪያ ነው። ሲጫን ግፊቱ ከፍ ያለ ይመስለውና ልብን ፍሬን ያስይዛል። በዕድሜ የገፋ ሰው እዚያ ላይ ጠንክሮ ከታሸ ራሱን ሊስት ይችላል። ማጅራትና ትከሻ ይታሽ። የአንገት ፊት ለፊትና ጎን ግን አይነካ።

አሁን የሚቀጥለውን በጥሞና ስሙኝ። ጭራሽ ወደ ማሻሻ መምጣት የሌለበት የጀርባ ህመም አለ። እኛ ሁሉንም «ብርድ ነው» እንላለን። ብርድ መታኝ፣ ብርድ ገባብኝ፣ እሺኝ።

ልብ ስትታፈን ሁልጊዜ ደረት ላይ አይደለም የሚያመው። በትከሻ አጥንቶች መሃል፣ በግራ ትከሻ፣ በመንጋጋ ሊመጣ ይችላል። በእንቅስቃሴ የሚብስ፣ ላብ ላብ የሚያሰኝ፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር የጀርባ ህመም ብርድ አይደለም። ቪክስ ቀብታችሁ አታሹት። ዕድሜው ከ65 ያለፈ፣ በተለይ ያጨስ የነበረ ወንድ ሆዱ ውስጥ እንደ ልብ የሚመታ እብጠት ካለውና ወገቡን ካመመው፣ ሆድ ውስጥ ያለው ትልቁ ደም ቅዳ ተለጥጦ ሊሆን ይችላል። እሱ ጀርባ ላይ ማንም አይጫን። «ልጄ፣ ና ጀርባዬን ርገጠኝ» የምትሉ አባቶችም ይህን አስቡ።

የአንድ እግር ባት አብጦ ሲሞቅና ሲያም ደግሞ፣ ረጅም መንገድ ተቀምጦ የመጣ ሾፌር ላይ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል። አይታሽ። ታሽቶ ከተነቀለ ወደ ሳንባ ይሄዳል።

እና የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ። ልጅ ሆነው የጉሮሮ ህመም በወቅቱ ሳይታከም ቀርቶ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ ብዙ ወጣቶች አሉን። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ዋርፋሪን የሚወስዱ አሉ። እናንተ ወጌሻ ጋም ሆነ እኔ ጋ ስትመጡ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» ይሁን። በጠንካራ እጅ የተጫነ ጡንቻ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የእጅ ሕክምና ከንቱ ነው ብዬ እንዳትረዱኝ። ከንቱ ቢሆን ሥራዬን በለቀቅኩ። ለወገብ ህመም መጠነኛ እፎይታ ይሰጣል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ ለወገብ ህመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚችሉት ውስጥ አስገብቶታል። ከእንቅስቃሴ ጋር ሲሆን ደግሞ ይሻላል። ለጋሼም ወገባቸውን አከምኩላቸው፤ በቀስታ፣ ሳልጠመዝዝ። ኪስ ቦርሳቸውን ከኋላ ኪሳቸው አስወጣሁ። ወለንጪቲ፣ መተሃራ፣ አዋሽ፣ በቆሙ ቁጥር ወርደው መኪናውን ሁለት ዙር እንዲዞሩ ተስማማን። አሁን ወገባቸው ደህና ነው።

ደም ግፊቱን ግን ወደ ሐኪም ነው የላክሁት። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ100 አዋቂዎች ወደ 16 የሚጠጉት ደም ግፊት ነበረባቸው፤ አብዛኞቹ አያውቁትም። ክኒኑ፣ አምሎዲፒንም ይሁን ኤናላፕሪል፣ በሽታውን ነቅሎ አይጥልም። በየቀኑ ይዞ ነው የሚያቆየው። ስትተዉት ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ሳይነግራችሁ። ጨው ደግሞ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ነው የሚለው፤ ከሞላ የሻይ ማንኪያ ያነሰ። እኛ በርበሬው ሲፈጭ ጨው፣ ሽሮው ውስጥ ጨው፣ ወጡ ላይ ጨው እንጨምራለን። ሾፌሮች፣ ጫቱንም ሳልናገር አላልፍም። እንቅልፍ ያባርራል ብላችሁ ነው፣ አውቃለሁ። ልብን ያስሮጣል፣ ግፊቱንም ከፍ ያደርጋል። የሌሊት ጉዞውን ራሱን ከአሠሪዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

በጥያቄ ሰዓት አንድ ወጌሻ አባት ከኋላ ተነሱ። «እኔ ማንንም አንገት አልሰብርም» አሉ። «ግን ሰዉ ራሱ አንቋቋልኝ ይለኛል። እምቢ ስል ሌላ ጋ ይሄዳል። ምን ላድርግ?»

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ ይህ ነበር። ያልኳቸው ይህን ነው፦ «አባቴ፣ እርስዎን ያምኑዎታል። ከእኔ ይልቅ እርስዎን ይሰማሉ። ከመንካትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ። ህመሙ አዲስና ድንገተኛ ነው ወይ? የደም ማቅጠኛ ይወስዳል ወይ? ደም ብዛት አለበት ወይ፣ ክኒኑንስ ዛሬ ውጧል ወይ? ከሦስቱ አንዱ ካለ አንገቱን አይንኩ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት። ሰላም የሆነውንም ትከሻውን ያሹለት፣ ቀስ ብሎ ራሱ ያዙረው። ቀጭ ባይልም ይቀለዋል።»

«ይህን እችላለሁ» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ሦስቱን ጥያቄዎች አጠገባቸው ያለውን ልጅ እጅ ስልክ ላይ አስጻፉት።

በመጨረሻ ለሁሉም እንዲህ አልኩ፦ እንግዲህ መለኪያዎቹ በበሩ በኩል ባለው ጠረጴዛ ላይ ናቸው። አሁን ቡና የጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሽንት የያዘው ቀድሞ ይሂድ፤ እሱም ቁጥሩን ያስነሳል። ጀርባችሁን ወንበሩ ላይ አስደግፉ፣ እግራችሁን አታጣምሩ፣ ክንዳችሁ ጠረጴዛው ላይ በልብ ልክ ይረፍ። ስትለኩ አታውሩ። ሁለቴ እንለካለን፣ በወረቀት እንጽፍላችኋለን።

ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ።